ሆድ ዕቃ የሌለው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥኑ የሞተው ድራማው ላይ የሀብታሙ ሰውዬ ልጅ በሩን ልትከፍት እጀታውን እንደያዘች ነው። መጀመሪያ ምስሉ ቀጭን ክር አከለ፤ ክሩ ነጥብ ሆነ፤ ነጥቡም ድርግም አለ። ከኋላው ትንሽ ጭስ ብጤ ወጣ። የልብስ ሰፊው ሚስት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶችም ከየመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ሰው እንደሞተበት ቤት፣ በየተራ «እግዜር ያጥናሽ» እያሏት ወጡ። ከበሩ ኋላ ማን ቆሞ እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ልብስ ሰፊው ብቻ ከስፌት መኪናው ጀርባ አቀርቅሮ በልቡ «ተመስገን» አለ። ክፋት ኖሮበት አይደለም። የሚናገረው ነገር ስለነበረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ያለቻቸው ልጅ በሌላ ከተማ ነርስ ናት። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «አባዬ፣ ላገባ ነው» አለችው። ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ሞታበት ሁለት ሴት ልጆች ያሳድጋል። «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ሦስቱንም ይዣቸው እመጣለሁ። እማዬን አንተ አለሳልሰህ ንገራት። ድንገት ደጃፍ ላይ ካገኘቻቸው የሚሆነውን ታውቀዋለህ» አለችው። ያውቀዋል እንጂ! ሚስቱ ለልጇ ዶክተር ከመረጠች ቆይታለች፤ የትኛው ዶክተር እንደሆነ ብቻ ነው ገና ያልታወቀው። ልጅቱ ደግሞ የእናቷ ልጅ ናት። አንዴ በር ከተዘጋባት ዳግመኛ አታንኳኳም። ልብስ ሰፊው በዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ልጅ የለውም፤ እንዳያጣት ፈርቷል።

መንገሩንስ ሞክሯል። ራት ላይ ሞከረ፤ «ቆይ፣ ይሄ ይለቅ» አለችው። ድራማው ሲያልቅ ማስታወቂያ መጣ፤ ማስታወቂያ ትወዳለች። ከማስታወቂያው በኋላ ዜና መጣ፤ ዜና አትወድም፣ ግን አንባቢዋ ምን ለብሳ እንደቀረበች ሳታይ አትነሳም። ዜናው ሲያበቃ እሷ ሶፋው ላይ አንቀላፍታለች። ጠዋት ደግሞ ማታ የታየው በድጋሚ ይታያል። ሰውየው በገዛ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሎ ከረመ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እሱ ራሱ ነበር የቤቱ ተናጋሪ። ደንበኛ ልኬት ሊያስወስድ ሲመጣ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ አንድ ወሬ፣ ከትከሻው እስከ አንጓው ሌላ ወሬ ይነግረው ነበር። ሱሪው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላም ሰው ወሬው እስኪያልቅ ይቀመጣል። ሚስቱን ራሷን ያገኛት ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ነው፤ የተረተላትን ሳትጨርስ መሄድ አቅቷት ቀረች። ቴሌቪዥኑ ከገባ ወዲህ ግን ደንበኛው «ክንድዎን ያንሱ» ሲባል እንኳ አንገቱን ወደ ሳጥኑ አዙሮ ነው። እንዲህ ዞሮ የተለካ ሰው አንዱ ትከሻው ዝቅ ይላል። በዚያ ሰፈር ያለ ኮት ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ያዘመመ ነው።

በነጋታው ጠጋኙ መጣ። ቴሌቪዥኑ የድሮ ነው፤ ሳጥኑ እንጨት፣ ሆዱ ሰፊ፣ ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ የሚፈልግ። ጠጋኙ ብሎኖቹን ፈታና መስታወቱንም ሆድ ዕቃውንም አንድ ሳይቀር አውጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለ።

«ይሄ እኔ ጋ ተኝቶ ይታከማል» አለ። «ሳጥኑ እዚሁ ይቆይ። ለእንጨት ብዬ ወገቤን አላጎብጥም።»

«ይድናል?» አለች ሚስትየዋ እንባ እየተናነቃት።

«እትዬ፣ እኛ የምንችለውን እናደርጋለን» አለና ወጣ።

ማታ በተለመደው ሰዓት ጎረቤቶቹ መጡ። ዳቦ ሻጯ መጣች። ጋሽ ሪሞትም መጡ። ጋሽ ሪሞት የፖስታ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ቤቱ የሰው፣ ቴሌቪዥኑ የሰው፣ ሪሞቱን ግን ከእጃቸው የሚነጥቅ የለም፤ ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። ሁሉም በየቦታቸው ተቀመጡና ባዶውን ሳጥን ያዩ ጀመር። ልብስ ሰፊው እግር ለምዶ ይሆናል ብሎ አለፈው። እንዲያውም ጸጥታውን ሲያይ ጊዜው አሁን ነው ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ምለው፣ ልጃችን…»

«እሽሽ!» አሉ ሁሉም።

«አላሰማ አልከን እኮ፣ አንተ ሰው!» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከባዶው ሳጥን ሳትነቅል።

ሰውየው ደሙ ፈላ። ብድግ ሲል የያዘው የክር ጥቅልል አመለጠውና ተንከባሎ ከሳጥኑ ኋላ ገባ። ሊያነሳው በደረቱ ተሳበ፤ ክሩን አግኝቶ ቀና ሲል ጭንቅላቱ በጀርባው ክፍት በኩል ገብቶ ፊቱ መስታወቱ በነበረበት ቀዳዳ ብቅ አለ።

«ጀመረ!» አሉ ጋሽ ሪሞት።

ሁሉም ተስተካክለው ተቀመጡ። ዳቦ ሻጯ ያኘከችውን ዋጠች። ሚስቱም አየችው፤ ዓይን ለዓይን፣ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ። እንዲህ አድርጋ ያየችው መቼ እንደነበር ትዝ አላለውም።

«እንደምን አመሻችሁ?» አለ ቢቸግረው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ባንድ አፍ።

ልቡ በደስታ ዘለለች። «ልጃችን ልታገባ ነው» አለ ቶሎ ብሎ፣ ዕድሉ ሳያመልጠው።

«ኤጭ፣ ዜና ነው» አሉ ጋሽ ሪሞት። ሪሞቱን አነጣጠሩበትና ተጫኑ። «ድራማው የት ነው?»

ልብስ ሰፊው መርፌ ቀዳዳ የማያጣ ሰው ነው። ነገሩ ወዲያው ገባው፤ እዚህ ሳጥን ውስጥ በቀጥታ የሚሄድ ነገር አይሄድም፣ መታጠፍ አለበት። ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ «አንዲት ነርስ ነበረች» ብሎ ጀመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስለ ነርሷ ነገራቸው፤ ስለ እናቷ ነገራቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ረስታ ስትወርድ ሹፌሩ ቦርሳውን ይዞ በሩጫ ሲከተላት ነገራቸው። ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አንገቱ እስኪዝል አወራና ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ወጣ።

ሚስቱ ሲመጣ ስታየው እጁን ያዘችው። «አንተ! ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የወጣውን ብታይ! የት ሄደህ ነው?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እዚያማ ነበርክ። ግን አላየኸውም» አለችና የነገራትን ሁሉ መልሳ ነገረችው። እሱ ያላለውንም ትንሽ ጨመረችበት።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ገባ። ጉልበቱ እንዳይቆረቁረው ትራስ አስገባ፣ ለጀርባው ደግሞ ከትርፍራፊ ገበር መጋረጃ ሰፋ። ጋሽ ሪሞት ድምፅ ሲቀንሱ ቀነሰ፤ ሲጨምሩ ጮኸ። ውሃ ሲጠማው «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» ይልና ይጠጣል። ነገር ግን ባዶ ሳጥን ሲያዩ ስለሚንጫጩ ማስታወቂያም መሥራት ግድ ሆነበት። «ኮትዎ ወደ አንድ ወገን አዘምሟል? እጅጌዎ ከእጅዎ ቀድሞ አልቋል? እንግዲያውስ ወደ ልብስ ሰፊው ይምጡ!» በማግስቱ ሁለት አዲስ ደንበኞች ደጁ ላይ ቆመው፣ በቴሌቪዥን የተዋወቀው ሰፊ የት እንዳለ ጠየቁት። «እኔ ነኝ» አለ። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «አይ፣ እሱ ጎበዝ ነው አሉ» ብለው ሄዱ።

አንድ ማታ ደግሞ ጋሽ ሪሞት «ዛሬ ኳስ አለ» ብለው ቀየሩት። ነርሷን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጥሎ ኳስ ማስተላለፍ ሆነ ሥራው። ስለ ኳስ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በሚያውቀው በስፌት ቋንቋ ሄደበት። «ተከላካዩ ጠቀመው! አጥቂው ተረተረው! በክንፍ በኩል ዘመዘመ፣ ዘመዘመ፣ ቀደደውና ገባ!» ቤቱ ተደበላለቀ። ጋሽ ሪሞትና ዳቦ ሻጯ «ከጨዋታ ውጪ ነው»፣ «አይደለም» ተባብለው ተኳረፉ፤ ለሁለት ቀን ጋሽ ሪሞት ዳቦ የሚገዙት ከሌላ ሰፈር ነበር።

ይሁን። ዋናው ነገር ሚስቱ ትሰማለች። እንዲያውም ነርሷን ወዳታለች፤ «ያቺ እናቷ ግን ምን ዓይነት አንጀት የሌላት ናት? ሹፌር ሰው አይደለም?» እያለች ትቆጣለች። ይህን ሲሰማ ልብስ ሰፊው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እሁድን መፍራት ተወ።

ችግሩ የመጣው ከሹፌሩ ደግነት ነው። ልጁ በስልክ እንደነገረችው አድርጎ ሳለው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ በየጠዋቱ የሁለት ልጆቹን ጠጉር ራሱ የሚሠራ፣ ቀይ ሪባን የሚያስርላቸው። አንዱን ማታ በሙሉ ጠጉር ሲሠራ አሳያቸው። ዳቦ ሻጯ አዛጋች።

«ደግ ሰው ምን ይታያል?» አለች። «ደግ ሰውማ እቤታችንም አለ።»

ጋሽ ሪሞት ሪሞቱን ቀስ ብለው አነሱ። ሚስቱ እንኳ ዓይኗ ወደ መስኮት ሄደ። ልብስ ሰፊው ደነገጠ። ሊቀየር ነው። ወዲያው ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«ሚስቱ ግን… በበሽታ አልሞተችም።»

ሪሞቱ አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ በምን?» አለች ሚስቱ ደረቷን ይዛ።

«በመርዝ» አለ ልብስ ሰፊው።

የጩኸቱ ነገር አይነሳ! እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ለለኩት ሱሪ፣ ለሰፉት ኮት ማን ይጮሃል? ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ፤ በማግስቱ ጠርሙስ ጨመረበት። ከዚያ ጠርሙሱን አውቶቡሱ ወንበር ሥር አስደበቀው። ጓሮው እስኪሞላ ሰው መጣ፤ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አልጋ ላይ ሲጋደም ብቻ ትዝ ይለዋል፤ ይሄ ሹፌር እኮ እሁድ ይመጣል። ግን ይፈታዋል፤ ቋጠሮ ለሰፊ ምኑ ነው? ቅዳሜ፣ መርዙን የሰጠችው ሌላ ሴት መሆኗን ያወጣል፤ ሹፌሩ ነጻ ይወጣል፤ እናትየዋም በሩን ትከፍታለች። እንዲህ ወሰነ።

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ሞላ። ልብስ ሰፊው እውነቱን ለመጨረሻ አቆየው። እናትየዋን በሩ ድረስ አመጣት። ሹፌሩንም በወዲያ በኩል አቆመው። ሁሉም ትንፋሻቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ትንሽ ላቆያቸው አለና፣ እግዜር ይይለት፣ አንድ ማስታወቂያ ጨመረ። ከዚያ ተመልሶ «ሚስቱን የመረዛት…» አለ።

መብራት ሄደ።

ልብስ ሰፊው ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ ሳንባው በኤሌክትሪክ አይሠራም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ናት፣ ሁሉም ያዩታል። ግን መብራት ሄዷል። «ወይኔ! አሁን ይሄዳል?» አሉ ጋሽ ሪሞት። ሰዉ እየተነጫነጨ ተነሳ።

«ቆዩ! ሹፌሩ አይደለም! ሹፌሩ አልገደላትም!» አለ ልብስ ሰፊው ከሳጥኑ ውስጥ።

ማንም ዞር አላለም። መብራት በሌለበት ቴሌቪዥን ይናገራል እንዴ?

እሁድ ጠዋት የደረሰው ጠጋኙ ነው፤ የዳነውን ሆድ ዕቃ ተሸክሞ። ትራሱን አውጥቶ ወረወረ፣ መጋረጃውን ገነጠለ፣ መስታወቱን ገጠመ፣ ሶኬቱን ሰካ። ሳሙና የምታሻሽጥ ሴት ብቅ አለች። ሚስትየዋ ደስታዋን አልቻለችም። ልብስ ሰፊው «ስሚኝ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን» ሲል «ቆይ፣ ይሄ ይለቅ» አለችው። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ሮጦ ሳይደርስ እሷ ከፈተች። ደጃፉ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ቆሟል። ግራና ቀኙ ቀይ ሪባን ያሰሩ ሁለት ሕፃናት። ልጇ ከኋላቸው ሻንጣ ይዛ ፈገግ ብላለች።

«እሱ ነው!» ብላ ጮኸች ሚስትየዋ። «መርዘኛው! ልጄ፣ ከዚህ ሰው ጋር ምን ታደርጊያለሽ? ቴሌቪዥን አታዪም እንዴ?»

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዳቦ ሻጯ «ራሱ ነው፣ ጠርሙሱ የት አለ?» አለች። ጋሽ ሪሞት ሪሞቱን ሹፌሩ ግንባር ላይ አነጣጥረው ደጋግመው ተጫኑ፤ ሰውየው አልጠፋ አላቸው። ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ቀረ። ትንሿ ልጅ «አባዬ፣ ምን አጠፋን?» አለችው። የነርሷ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ሄደ። አባቷ ያንን ፊት ያውቀዋል፤ የእናቷ ፊት ነው። የሁለቱን ሕፃናት እጅ ያዘችና ዞረች።

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው።

«ዞር በል፣ ከለልከን» አለችው ዳቦ ሻጯ።

ሮጦ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ሳጥኑ ሞልቷል፤ ሴትዮዋ ሳሙናዋን ታሻሽጣለች። ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ቦታ የለም። ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። እየሮጠ ተመለሰና በሰዉ መካከል ገብቶ ሚስቱ ፊት ቆመ። ያለ ሳጥን ድምፁ ለራሱም ቀጭን ሆኖ ተሰማው።

«መርዝ የለም። ጠርሙስም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሳጥኑ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ባሌን ላላውቅ ነው?»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተህ ነው የተናገርከው! ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ የሚዋሽ ሰው አለ?»

«እኔ ዋሸሁ። ልጃችን ይሄን ሰው ልታገባ ነው። ለአንቺ እንድነግርሽ አደራ ብላኝ ነበር።»

ሚስቱ ልጇን አየች፤ ልጅቷ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆማለች። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች።

«ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ከረምክ። ታዲያ ለእኔ፣ ለራሴ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

ሰዉ ይጠብቃል። ሚስቱ ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«ሚስትህ በምን ሞተች?»

«በወሊድ፣ እናቴ» አለ ሰውየው። በዓይኑ ወደ ትንሿ ልጅ አመለከተ፤ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

ሚስትየዋ ልጅቱን አየቻት። የአንዱ ጉንጉኗ ሪባን ተፈቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ጎንበስ ብላ አሰረችላት። «ግቡ» አለች። «አንቺም ግቢ፣ ግትር። እኔን ነው የወጣሽው።»

«እንዴ፣ አለቀ?» አሉ ጋሽ ሪሞት።

«አለቀ» አለችና በሩን በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ዘጋችው።

ልጅቷ ሕፃናቱን እጅ ልታስታጥብ ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው፤ ሹፌሩም ሻንጣውን ይዞ ተከተላቸው። ልብስ ሰፊው እንደ ጥፋተኛ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠችውና ከጎኑ ተቀመጠች። ፊቱን አተኩራ አየችው። እጇን ሰድዳ ከጆሮው በላይ ያለውን ጠጉር ነካችው።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«ቆየ» አለ።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ለቅሶ ያደላ ነበር። «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለች። «መርዙን ትተህ።»

ልብስ ሰፊው እጁን የት እንደሚያኖር ግራ ገባው። ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለች» አለ። «አንቺ እዚሁ ተቀምጠሽ ነበር።»